ከተጣለ ኮምፔንሳቶ ተመልሶ የሚመጣ ቡሜራንግ አሰራር

ሜልበርን ያላችሁ፣ በተለይ ፉትስክሬይ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ትልልቅ እቃ የሚሰበስብበት ቀን ሲደርስ ሰው ያረጀ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የመፅሀፍ መደርደሪያውን ሁሉ አውጥቶ በሩ ላይ ይቆልለዋል። እዛ ክምር ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፣ የመሳቢያ ወለልና የቁም ሳጥን ጀርባ ላይ የሚመታው ኮምፔንሳቶ፣ እዚ ፕላይውድ የሚሉት። እኔ ቡሜራንግ፣ ተወርውሮ ዞሮ የሚመለሰውን የታጠፈ እንጨት፣ የምሰራው ከሱ ነው። አዲስ ተገዝቶ ከሚመጣው ይልቅ አስር አመት ቤት ውስጥ የደረቀው ብዙ ጊዜ አይጣመምም፣ ለዛ ነው የምወደው። አንዳንድ ካውንስል በር ላይ የተቆለለውን ማንሳት ስለማይፈቅድ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ባለቤቱን ብትጠይቁት ደሞ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ነው የሚሰጣችሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ቆራሌው አለላችሁ፣ ምናለሽ ተራም ብትወርዱ የፈረሰ ቁም ሳጥን አይጠፋም፣ አናጢ ቤት ብትጠይቁም ቁርጥራጭ ይሰጧችኋል፣ የሚያስፈልጋችሁ እኮ 45 በ20 ሴንቲ አካባቢ የሆነች ቁራጭ ነች።

ወደ ስራው ከመግባቴ በፊት ስለ እቃው ትንሽ ልበል ምክንያቱም ሳያውቁት መስራት ደስ አይልም። ቡሜራንግ የአውስትራሊያ የመጀመሪያዎቹ ህዝቦች የአቦርጂናሎቹ እቃ ነው፣ ቃሉ ራሱ ሲድኒ አካባቢ ከነበረው የዳሩግ ቋንቋ ነው የመጣው። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ዋይሪ ስዋምፕ የሚባል ረግረግ ቦታ ላይ 10,000 አመት ገደማ ያስቆጠረ የእንጨት ቡሜራንግ ተገኝቷል፣ እንጨት ነው እኮ የምላችሁ፣ ጭቃው ውስጥ አየር ስላላገኘው ነው ሳይበሰብስ የቆየው። ሁሉም ግን ተመልሶ የሚመጣ አደለም። ለአደን የሚወረወረው ከበድ ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ እንስሳውን ይመታል፣ አይመለስም፣ እንዲመለስም አይፈለግም። የሚመለሰው ቀለል ያለው ነው፣ ለጨዋታና ወፍ አስደንግጦ ወደ መረብ ለመንዳት ይጠቀሙበት ነበር። በረሀ አካባቢ ያሉት የሚሰሩበት አንዱ እንጨት ሙልጋ ይባላል፣ የኛ ግራር ዘመድ ነው፣ ግንዱ ወደ ስር ወይም ወደ ቅርንጫፍ የሚታጠፍበትን ቦታ መርጠው ነው የሚቆርጡት፣ የእንጨቱ ክር አብሮ ስለሚታጠፍ ክርኑ ላይ አይሰበርም። ይቺን የክር ነገር ያዟት፣ ወደ ታች ታስፈልገናለች።

የእንጨት ምርጫ

ውፍረቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ፈልጉ። ጠርዙን እዩትና ንብርብሩን ቁጠሩ፣ በዛው ውፍረት ብዙ ንብርብር ያለው ይሻላል፣ በመሀል ክፍተት ወይም ጎደሎ ካለው ተዉት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ጥጉን ጫን ጫን አድርጉት፣ ከተንከላወሰ የተጣመመ ነው። የመሳቢያ ወለል ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ነው፣ ብቻውን ይሳሳል፣ ግን ሁለቱን በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቃችሁ ላዩ ላይ መፅሀፍና የውሀ ጀሪካን ጭናችሁ ብታሳድሩት ደህና 6 ሚሊ ይወጣዋል፣ እኔ ካሉኝ ውስጥ በጣም የምወደው እንደዛ የተሰራ ነው።

ቺፕቦርድና ኤምዲኤፍ አይሆንም፣ ክር የሌለው የተጨመቀ ብናኝ ስለሆነ መጀመሪያ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ወፍራም ድሮ የተቀባ ቀለም ያለበትን እንጨት አትንኩት፣ በተለይ ከአሮጌ ቤት የወጣ ከሆነ እርሳስ ያለው ቀለም ሊሆን ይችላል፣ ስትፈገፍጉት ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ያለበት ቤት ደሞ የባሰ ነው። አረንጓዴ የሚመስል የአጥር እንጨትም እንደዛው፣ እንዳይበሰብስ ተብሎ አርሴኒክ ያለበት መድሀኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል። ፓሌት (የጭነት እቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ካገኛችሁ ማህተሙን አንብቡ፣ ኤች ቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው ችግር የለውም፣ ኤም ቢ (MB) የሚል ከሆነ በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ትታችሁት ሂዱ።

ከአንድ ጣውላ ላይ ቀጥታ ቆርጬ ብሰራስ ለምትሉ፣ አይሆንም፣ ክሩ በአንዱ ክንድ በርዝመቱ ይሄድና በሌላው ክንድ በወርዱ ይሆናል፣ በወርዱ የሆነው ክንድ ቅር ሳይለው ይሰበራል። ኮምፔንሳቶ ጥሩ የሆነው ንብርብሩ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግሮ ስለተጣበቀ ነው። ጣውላ ብቻ ካላችሁ ሁለት ቀጭን ርብራብ ወስዳችሁ መጋጠሚያው ላይ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ውፍረት ቀንሳችሁ አነባብራችሁ በኮላ ማጣበቅ ትችላላችሁ፣ በሞርሳ አስራችሁ ታሳድሩታላችሁ፣ ይሰራል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

እቃ

መጋዝ፣ ቀጭን ጥርስ ያለው ሴጌቶም ይሆናል፣ ጂግሶ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ መጋዝ) ካላችሁ አስር ደቂቃ ነው። ሞረድ፣ አንድ ሸካራ አንድ ለስላሳ። ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120 እና 240። እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ የሚይዝ ሞርሳ። እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ማስክና የአይን መነፅር። ማስኩን የፅሁፍ ማሟያ ብዬ እንዳልጨመርኩት እወቁልኝ፣ የኮምፔንሳቶ ብናኝ ውስጥ ኮላም አለበት።

ቅርፁን ማውጣት

ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። ካርቶኑ ላይ አንድ ነጥብ አድርጉ፣ እሱ ክርኑ ነው። ከሱ ሁለት መስመር አውጡ፣ እያንዳንዳቸው 24 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለቱ ጫፍ መራራቅ 38 ሴንቲ እስኪሆን ክፈቱት፣ በዚ ልክ ሲሆን መሀላቸው ያለው አንግል ወደ 105 ዲግሪ ይመጣል። ከዛ በየመስመሩ ግራና ቀኝ 2 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ገደማ ለክታችሁ ስፋቱን አስምሩ፣ ክንዱ 4 ሴንቲ ተኩል አካባቢ ሰፊ ይሆናል ማለት ነው። ጫፎቹን አክብቡ፣ የክርኑን ውጪም ውስጥም አክብቡ፣ የውስጡ ጥግ ሹል ከሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው እዛ ነው፣ የሻይ ስኒ አፍ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ብታስምሩት ይበቃል።

ካርቶኑን ቆርጣችሁ እንጨቱ ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ዙሩት፣ የላይኛው ክር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርጌ ነው እኔ የማስቀምጠው፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል እንዲጠነክሩ። ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ቁረጡ፣ ቀሪውን በሞረድ ወደ መስመሩ አምጡት። እዚ ላይ አትጨናነቁ፣ ቅርፁ ላይ ሁለት ሚሊ ቢዛነፍ ምንም አይሆንም።

ጠርዙ ነው ዋናው ነገር

አሁን ቀስ እንበል። አብዛኛው ሰው ቡሜራንግ የሚመለሰው የታጠፈ ስለሆነ ይመስለዋል፣ እኔም ይመስለኝ ነበር፣ የመጀመሪያዬን ቆንጆ አድርጌ ቆርጬ ጠርዙን በሙሉ ዙሪያውን እኩል አክብቤ አለስልሼ ሄጄ ብወረውረው ኦቫሉን (የሳር ሜዳውን) ቀጥ ብሎ አቋርጦ አጥሩ ስር ወደቀ፣ አስር ጊዜ ወረወርኩት አስሩንም ጊዜ ሄጄ አመጣሁት። የሚመልሰው እጥፋቱ ሳይሆን ጠርዙ እንደሆነ የገባኝ ከዛ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲ ነው። እያንዳንዱ ክንድ የአውሮፕላን ክንፍ ነው፣ ከስር ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ አየሩን የሚመታው ፊተኛው ጠርዝ ወፈር ያለና ክብ፣ ኋለኛው ጠርዝ ደሞ እየሳሳ የሚሄድ። ቡሜራንግ የሚወረወረው ቆሞ ነው፣ እየተሽከረከረ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ክንድ ሽክርክሪቱም ጉዞውም ወደ ፊት ስለሆነ አየሩን በጣም በፍጥነት ይመታል፣ ከታች ያለው ደሞ ሽክርክሪቱ ወደ ኋላ ጉዞው ወደ ፊት ስለሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚ ላይኛው በኩል የሚገፋው ሀይል ይበልጣል። የማይሽከረከር እቃ ቢሆን ይሄ ያጋድመው ነበር፣ የሚሽከረከር እቃ ግን ስትገፉት ወዲያው አይወድቅም አቅጣጫውን ነው የሚያዞረው፣ ሳይክል ላይ ሰውነታችሁን ዘንበል ስታደርጉ ጎማው ወደዛ እንደሚዞረው። እንደዛ እያለ እየዞረ ክብ ሰርቶ ይመጣል። አየር እስካለ ድረስ ይሰራል፣ 2008 እኤአ ላይ ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ታካኦ ዶይ የአለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የወረቀት ቡሜራንግ ወርውሮ ተመልሶለታል፣ ሁሉም ነገር በሚንሳፈፍበት ቦታ ማለት ነው።

እሺ ወደ እንጨቱ። ጠረጴዛ ላይ ክርኑን ወደ ላይ ሁለቱን ጫፎች ወደናንተ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልክ "ለ" ፊደል ሆኖ ይታያችኋል። አሁን የምታዩት ፊት የላይኛው ነው፣ የሚቀረፀው እሱ ብቻ ነው፣ ስሩ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል። በቀኝ እጁ ለሚወረውር ሰው እንዲህ ነው፤ የ"ለ" ቀኝ እግር ላይ ፊተኛው ጠርዝ የውጪው ነው፣ ኋለኛው የውስጡ ነው። ግራ እግሩ ላይ ይገለበጣል፣ ፊተኛው የውስጡ ነው፣ ኋለኛው የውጪው። ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም በተቃራኒው አድርጉ፣ በመስታወት እንደሚታይ፣ የቀኝ ሰው ቡሜራንግ ለግራኝ አይመለስም። በእርሳስ እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ "ፊት" እና "ኋላ" ብላችሁ ፃፉበት፣ መሞረድ ስትጀምሩና እንጨቱን ስታገላብጡት በጣም ቀላል ነው መሳሳት፣ አንዴ ከሞረዳችሁት ደሞ አይመለስም።

ፊተኛው ጠርዝ ላይ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፣ ኋለኛው ላይ ደሞ 2 ሴንቲ ተኩል። ፊተኛውን አጠር ባለ ቁልቁለት ሞርዱትና አክብቡት፣ ከስር 2 ወይም 3 ሚሊ የሚሆን ውፍረት ይቅርለት፣ አፍንጫ ይመስል። ኋለኛውን ረዘም ባለ ለስላሳ ቁልቁለት አውርዱት፣ ጫፉ ላይ አንድ ሚሊ ተኩል እስኪቀር። እንደ ቢላ አታሹሉት፣ ይሰነጠቃል፣ ሰውም ይቆርጣል። ክርኑ ላይ ስትደርሱ አንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ እንዲለወጥ አድርጉ፣ መሀሉን ብዙ አታሳሱት፣ ጥንካሬው እዛ ነው ያለው። ጫፎቹንም ዙሪያቸውን ትንሽ አውርዷቸው።

ኮምፔንሳቶ እዚ ጋ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ስትሞርዱት ንብርብሮቹ ቀለማቸው ስለሚለያይ እንደ ካርታ ላይ የተራራ መስመር እየሆኑ ይወጣሉ። መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ቀጥ ብለው ከሄዱ ቁልቁለቱ እኩል ነው፣ አንድ ቦታ ከተጣመሙ እዛ ጋ አብዝታችኋል ወይ አሳንሳችኋል። ምንም መለኪያ ሳትይዙ አይናችሁ ያስተካክላል። እኔ ይሄን ክፍል በአንድ ቀን አልጨርሰውም፣ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ በረንዳ ላይ፣ ሰጋቱራው ጭኔ ላይ እየወደቀ፣ ከስራ መልስ እንደዚ ጭንቅላቴን የሚያሳርፍልኝ ነገር የለም።

ከዛ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ80 የሞረዱን ጭረት አጥፉ፣ በ120 አለስልሱ፣ 240ውን ለመጨረሻ አቆዩት። ሲያልቅ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ከ60 እስከ 80 ግራም አካባቢ ቢመጣ ጥሩ ነው። ቫርኒሽ ገና ነው፣ መጀመሪያ መወርወር አለበት።

መወርወር

ቦታው ሰፊ ይሁን፣ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር ሰው፣ መኪና፣ መስኮት የሌለበት፣ ሳር የሆነ። እዚ የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ኦቫሎቹ ጠዋት በጣም ይመቻሉ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ካለ እስኪያልፍ ጠብቁ። አብረዋችሁ ልጆች ካሉ ከናንተ ኋላ አጠገባችሁ ይቁሙ፣ ሁሉም አይኑ ቡሜራንጉ ላይ ይሁን። ከአይናችሁ ከጠፋ ጀርባችሁን አዙራችሁ ጎንበስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። 70 ግራም እንጨት እየተሽከረከረ ሲመጣ አይን ያጠፋል፣ ይሄን አቅልላችሁ አትዩት።

ነፋሱ ቀላል መሆን አለበት፣ ቅጠል የሚያወዛውዝ ያህል፣ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ከሆነ ወደ ቤት ተመለሱ። ትንሽ ሳር በጥሳችሁ ልቀቁት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያሳያችኋል፣ ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ከዛ ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ዙሩ፣ የምትወረውሩት ወደዛ ነው። ግራኝ ወደ ግራ።

አያያዙ ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ ነው፣ ጎበጥ ያለው ፊት ወደናንተ፣ ጠፍጣፋው ወደ ውጪ። ከቆመ ትንሽ ወደ ውጪ ያጋድል፣ ሰአት ላይ 12 ከሚለውና 1 ከሚለው መሀል። ወደ ጎን አጋድማችሁ እንደ ሰሀን እንዳትወረውሩት፣ ሁሉም ጀማሪ የሚሰራው ስህተት ነው፣ ሽቅብ ይወጣና እንደ ድንጋይ ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚሰበረውም ያኔ ነው። አይን ትይዩ የሆነ ቦታ ላይ አነጣጥሩ፣ ሩቅ ያለ ዛፍ አናት ቢሆን ይበቃል። ጉልበት ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው የሚያስፈልገው፣ መጨረሻ ላይ አንጓችሁን ፈንጠር አድርጋችሁ ጅራፍ እንደሚያጮህ ሰው፣ ሽክርክሪቱ የሚመጣው ከዛ ነው።

ሲመለስ ፍጥነቱ ቀንሶ ጠፍጣፋ ተኝቶ እያንዣበበ ነው የሚመጣው፣ ደረታችሁ አካባቢ ሲደርስ በሁለት መዳፍ እንደ ጭብጨባ አድርጋችሁ ከላይና ከታች ያዙት። በፍጥነት እየመጣ ከሆነ አትያዙት፣ ገለል በሉለት።

ካልተመለሰስ

መጀመሪያ አወራወራችሁን ጠርጥሩ፣ እንጨቱን ኋላ። ከናንተ ግራ በኩል ከወደቀ በሚቀጥለው ወደ ቀኝ ትንሽ ዙራችሁ ወርውሩ፣ ቀኝ በኩል ከወደቀ ወደ ግራ። ፊታችሁ ሳይደርስ ከወደቀ ሽክርክሪት ጨምሩ፣ ከኋላችሁ ርቆ ከሄደ ጉልበት ቀንሱ ወይም ነፋሱ በዝቷል። አስራ አምስት ሀያ ጊዜ ሞክራችሁ አሁንም ዝቅ ብሎ መሬት የሚበላ ከሆነ ያኔ ወደ እንጨቱ ሂዱ፣ ሁለቱንም ጫፎች በፀጉር ማድረቂያ ወይም በጀበና እንፋሎት አሙቁና በጣም በትንሹ ወደ ላይ፣ ወደ ጎበጠው ፊት አቅጣጫ እጠፏቸው፣ ጫፉ ከጠረጴዛው 2 ወይም 3 ሚሊ ከፍ እስኪል፣ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። በተቃራኒው ሽቅብ እየወጣ ካስቸገረ አጋድማችሁ እየወረወራችሁ ካልሆነ ጫፎቹ ከመጠን በላይ ወደ ላይ ታጥፈዋል፣ መልሱት። ክብ ሳይሰራ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ኋለኛው ጠርዝ ወፍራም ነው፣ ጨምራችሁ ሞርዱ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ወርውሩ፣ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የቱ እንደሰራ አታውቁም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደሞ አንድ የተለየ ነገር፣ ከተማው ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሜልበርን ባህሩ ጫፍ ላይ ካለው ወደ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሚያዞረው አየሩ ስለሆነ እዛ ክቡ ይሰፋል፣ እዚ 25 ሜትር የሚሄደው እዛ ከ30 ይበልጣል። ስለዚ ከ6 ይልቅ 5 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ተጠቀሙ፣ ክንዱን ግማሽ ሴንቲ አስፉት፣ ሜዳውም ሰፋ ያለ ይሁን።

ቀለም

ሲመለስላችሁ በ240 አለስልሱትና ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ጠርዙን በተለይ፣ ውሀ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው፣ የጠዋት ጤዛ ያበጠዋል። ወፍራም ቀለም ክብደት ይጨምራል፣ ቁልቁለቱንም ይሞላዋል። ጥቁር ቡኒ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ሳር ውስጥ ስትፈልጉት ትውላላችሁ፣ ብርቱካን ወይም ደማቅ ቢጫ ነው ጥሩው።

የአቦርጂናሎቹን የነጥብ ስእል ወይም የእንስሳ ምልክት ግን እባካችሁ አትቅዱ። እነዛ ስእሎች ጌጥ ብቻ አደሉም፣ ታሪክና ባለቤት አላቸው፣ ማን ምን መሳል እንደሚችል ህግ አላቸው። በ2019 እኤአ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኢንዶኔዥያ ያሰራውን ቡሜራንግና ሌላ እቃ አቦርጂናሎች የሰሩት አስመስሎ የሸጠ ድርጅት ላይ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወስኗል። የኛን መስቀል ወይም የኛን ጥለት ሌላ ሰው ፋብሪካ አሰርቶ ኢትዮጵያዊ የሰራው ነው ብሎ ቢሸጥ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። እኔ የኔን በጥበብ ጥለት ነው የማስጌጠው፣ ክርኑ ላይ ቀጭን የቀይና የአረንጓዴ ጥልፍ፣ ስሩ ላይ ደሞ እንጨቱ ከየት እንደተገኘ እፅፋለሁ፣ "ከመሳቢያ" ወይም "ከአልጋ ጀርባ" ብዬ። የእውነተኛውን የምትፈልጉ ከሆነ የሰራው ሰው ስምና የመጣበት አካባቢ ከተፃፈበት ቦታ ግዙ።

አቀማመጡ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከቆመ ይጣመማል፣ በጋ ላይ መኪና ውስጥ ከተዋችሁትማ አንድ ከሰአት ይበቃዋል። ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ጫፎቹን እዩ፣ ክርኑ ላይ ደሞ ስንጥቅ ካለ በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ስንጥቅ ካገኛችሁ አትወርውሩት፣ ኮላ አስገብታችሁ በሞርሳ አሳድሩት።